ለድርጅት የክላውድ አካውንት በየትኛው ስልክ ቁጥር እናረጋግጥ? የግል፣ የድርጅት ሲም፣ የቢሮ መስመር፣ ቨርችዋል ወይስ በሪሴለር

ለድርጅታችሁ የክላውድ (ሰርቨር በኢንተርኔት የምትከራዩበት አገልግሎት) አካውንት እየከፈታችሁ ነው፣ ኢሜይሉ ተረጋግጧል፣ ካርዱ አልፏል፣ የድርጅቱ ስምና አድራሻ ተሞልቷል፣ የቀረችው በስልክ የሚላከው ኮድ የሚገባባት አንዲት ሳጥን ናት፣ ኮዱ ግን አይመጣም። እንደገና ላክ የሚለውን ትነካላችሁ፣ የለም፣ ትደግማላችሁ፣ አሁን ደግሞ ብዙ ሞክራችኋል ቆይታችሁ ተመለሱ ይላል። እዚ ላይ የደረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ የተቀመጠውን "እስኪ ቁጥርህን ስጠኝ" ይለውና በሱ ስልክ ይጨርሳል፣ ኮዱ ወዲያው ይመጣል፣ አካውንቱ ይከፈታል፣ ሁሉም ወደ ስራው ይሄዳል።

ያቺ በችኮላ የገባች ቁጥር በኋላ ምን እንደምታመጣ ስላየሁ ነው ይሄን የምጽፈው። አብሬያቸው የሰራሁ አንድ ትንሽ ቡድን ዋናውን አካውንት የከፈተው በአንድ ዴቨሎፐር የግል ሞባይል ነበር፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ በሰላም ነው የለቀቀው፣ ከዛ ቁጥሩን ቀየረ። ሁለት ዓመት ምናምን ቆይቶ የዋናው አካውንት አውተንቲኬተር (የመግቢያ ኮድ የሚያወጣው አፕ) ያለበት ስልክ ተሰበረ፣ ኮድ ማውጣት አልተቻለም፣ አቅራቢውን ስንጠይቅ በተመዘገበው ቁጥር ደውለን እናረጋግጥ አለ፣ የተመዘገበው ቁጥር ደግሞ ማንም እጅ ላይ የለም። ሰርቨሮቹ ይሰራሉ፣ ሂሳቡ ከካርዱ ይቆረጣል፣ መግባት የሚችል ሰው ግን የለም። የንግድ ፈቃድ፣ የተፈረመ ደብዳቤ፣ መታወቂያ ስንልክ ሳምንታት ሄዱ፣ የዛን ጊዜ ጭንቀት አሁንም ትዝ ይለኛል።

ስለዚ ከታች ያሉትን አማራጮች ሳወዳድር ዛሬ ኮድ ይመጣበታል ወይ የሚለውን ብቻ አልይም። ከሶስት ዓመት በኋላ ይሄ ስልክ ሲጠራ የሚያነሳው ማነው የሚለውን ነው በዋናነት የማየው፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ሁለት ስራ አለው፣ አንዱ ዛሬ በሩን መክፈት ነው፣ ሌላው በሩ የተዘጋባችሁ ቀን ባለቤቱ እናንተ መሆናችሁን መመስከር።

ለምንድነው እንዲህ የሚያጠብቁት

ይሄን ማወቅ ለምርጫው ስለሚጠቅም ትንሽ ላብራራ። ክላውድ አቅራቢዎች ለአዲስ ደንበኛ ነጻ ክሬዲት ይሰጣሉ፣ ጉግል ክላውድ 300 ዶላር ለ90 ቀን፣ የማይክሮሶፍቱ አዙር 200 ዶላር ለ30 ቀን፣ ኦራክል 300 ዶላር ለ30 ቀን። ይሄን የሚያዩ አጭበርባሪዎች በመቶ የሚቆጠር አካውንት ከፍተው ክሪፕቶ ማይን ያደርጉበታል (በኮምፒውተሩ ጉልበት ዲጂታል ገንዘብ ያመርታሉ)፣ ስፓም ይልኩበታል። ሄሮኩ የተባለው ክላውድ አቅራቢ በፈረንጆቹ 2022 ነጻ ፕላኑን ጨርሶ ሲዘጋ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄው ማጭበርበር ነው። ኢሜይል በነጻ ሺ መክፈት ይቻላል፣ እውነተኛ ሲም ግን ገንዘብም ጊዜም ይጠይቃል፣ ብዙ ቦታ ላይ ደግሞ በመታወቂያ ነው የሚወጣው። እና ቁጥራችሁ በርካሽ በብዛት የሚገኝ አይነት ከሆነ ጥርጣሬው ይበዛባችኋል፣ ይሄው ነው ሎጂኩ።

ሁለተኛው ምክንያት ከኤስኤምኤስ ወጪ ጋር የተያያዘ ነው። አጭበርባሪዎች ከኦፕሬተር ጋር የገቢ ድርሻ ባላቸው ቁጥሮች ላይ በሺ የሚቆጠር ኮድ እንዲላክ ያደርጋሉ፣ ሂሳቡን የሚከፍለው ኮዱን የሚልከው ድርጅት ነው። ትዊተር በ2023 ለማይከፍል ተጠቃሚ በኤስኤምኤስ የሚደረገውን ሁለተኛ ማረጋገጫ (ከፓስወርድ በተጨማሪ የሚጠየቀውን ኮድ) ያነሳው ይሄን አይነት ማጭበርበር ጠቅሶ ነው። ስለዚ አንዳንዴ ኮዱ የማይመጣው እናንተ ጥፋት ስለሰራችሁ አይደለም፣ የቁጥራችሁ መነሻ ላይ ገደብ ስላለ ወይም በአጭር ጊዜ ብዙ ጊዜ ስለጠየቃችሁ ሊሆን ይችላል።

የግል ሞባይል

ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ ኮዱም በብዛት ይመጣል፣ ምክንያቱም ረጅም ጊዜ የሰራ እውነተኛ የሞባይል ቁጥር ነው። ብቻውን ለሚሰራ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው፣ ድርጅቱም ቁጥሩም እሱ ነው።

ሰራተኛ የግል ቁጥሩን ሲሰጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንደኛ ሰውዬው ሲለቅ ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል። ሁለተኛ ብዙ ሰው የማያስበው፣ ቁጥሩ ከተዘጋ ኦፕሬተሩ ጥቂት አቆይቶ ለሌላ ደንበኛ ይሰጠዋል። በ2021 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁለት የአሜሪካ ኦፕሬተሮች ለአዲስ ደንበኛ ካቀረቧቸው ቁጥሮች 259ኙን ፈትሸው 171ዱ በታወቁ ድረ ገጾች ላይ ከነበረ አካውንት ጋር ተያይዘው አግኝተዋቸዋል። ማለትም ነገ ቁጥሩን የሚያወጣ የማታውቁት ሰው የድርጅታችሁ ማረጋገጫ ጥሪ እሱ ጋ ሊደወል ይችላል። ሶስተኛ ደግሞ ለሰራተኛውም ፍትሃዊ አይደለም፣ ከለቀቀ በኋላ እየደወላችሁ ኮድ ላክልኝ ማለት ያሳፍራል፣ እሱም የመስጠት ግዴታ የለበትም።

በተጨማሪ ያው ቁጥር ቀድሞ ብዙ አካውንት ተከፍቶበት ከሆነ ላይቀበሉት ይችላሉ። ጉግል ላይ ይሄ ቁጥር ለማረጋገጫ ከሚፈቀደው በላይ ጥቅም ላይ ውሏል የሚል መልእክት ያያችሁ ትኖራላችሁ። የአንድ ፍሪላንሰር ቁጥር የአስር ደንበኛ አካውንት የከፈተ ከሆነ አስራ አንደኛው ላይ ይቆማል፣ ከዛም አልፎ አንዱ አካውንት በችግር ቢታገድ ሌሎቹም በጥርጣሬ መታየታቸው የሚጠበቅ ነው።

የድርጅት ሲም

እኔ ከአንድ ሰው በላይ ላለው ማንኛውም ድርጅት የምመክረው ይሄን ነው፣ በድርጅቱ ስም የወጣ፣ ሂሳቡ በድርጅቱ የሚከፈል፣ ለዚህ ስራ ብቻ የተመደበ ሲም። ስማርት ስልክ አያስፈልገውም፣ ኤስኤምኤስ የሚቀበልና ጥሪ የሚያነሳ ማንኛውም ቀፎ ይበቃል።

ደካማ ጎኑ ሲሙ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ መረሳቱ ነው። ቅድመ ክፍያ ከሆነና ለወራት ካልተነካ ኦፕሬተሩ ይዘጋዋል፣ ባትሪው ያልቃል፣ የት እንደተቀመጠ የሚያውቀው ሰው ይለቃል፣ እና ተመልሳችሁ እዛው የግል ሞባይል ችግር ውስጥ ናችሁ። ስለዚ ከተቻለ በወርሃዊ ሂሳብ ይሁን፣ ካልሆነ በየወሩ አንድ ጥሪ ይደረግበት፣ ኃላፊነቱም ለሰው ሳይሆን ለስራ መደብ ይሰጥ፣ ለምሳሌ ፋይናንሱን የያዘ ሰው ይይዘዋል፣ ሲለቅ ከቢሮ ቁልፍ ጋር አብሮ ያስረክባል። ኦፕሬተራችሁ ላይም ያለ ድርጅቱ ደብዳቤ ሲም እንዳይተካ ማስያዝ የሚቻል ከሆነ አስይዙ፣ የሌላ ሰው ሲም በማጭበርበር አስተክቶ ኮድ መቀበል የታወቀ ስርቆት ነው።

አዲስ የወጣ ሲም አንዳንዴ በመጀመሪያው ቀን ኮድ ላይቀበል ይችላል፣ በተለይ ቁጥሩ ከሌላ ኦፕሬተር የተዛወረ ከሆነ የማስተላለፊያ መረጃው በየቦታው እስኪታደስ ጊዜ ይወስዳል። አውጥታችሁ በዛው ደቂቃ ከምትሞክሩ አንድ ሁለት ቀን ተጠቀሙበት። ኢሲምም (ካርድ የሌለው፣ ቀፎው ውስጥ የሚጫን ሲም) ከሆነ ያው ነው፣ ግን ለጉዞ የሚሸጡት ብዙዎቹ ዳታ ብቻ ስለሆኑ ስልክ ቁጥር የላቸውም፣ ሳታዩ እንዳትገዙ።

የቢሮ መስመር ስልክ

ይሄ የተረሳ አማራጭ ነው። የመስመር ስልክ ከሰው ጋር አይሄድም፣ ዓመታት ይቆያል፣ ሲም ማስተካት የሚባል ስጋት የለበትም። ኤስኤምኤስ በአብዛኛው አይቀበልም፣ ግን አማዞንም (የአማዞንን ክላውድ ኤደብሊውኤስን ማለቴ ነው) አዙርም ከጽሁፍ መልእክት ሌላ የድምፅ ጥሪ የሚል ምርጫ አላቸው፣ በጥሪው ኮዱን ይነግሯችኋል ወይም ስክሪን ላይ ያለውን ቁጥር ስልኩ ላይ እንድትጫኑ ይጠይቃሉ።

ችግር የሚመጣው ቢሮው "ለሽያጭ 1ን ለሂሳብ ክፍል 2ን ይጫኑ" የሚል ማሽን ካለው ነው፣ ሁለት ማሽን እርስ በርስ ይደዋወልና ማንም ሳይሰማ ይዘጋል። በዛን ቀን ማሽኑን አጥፉት፣ ወይም በቀጥታ ሰው የሚያነሳው መስመር ስጡ። ሌላው፣ የዛሬ ዘመን የቢሮ ስልክ ብዙ ጊዜ በኢንተርኔት የሚሰራ ነው፣ እናንተ የመስመር ስልክ ነው ብላችሁ ስታስቡ እነሱ ጋ ቨርችዋል ተብሎ ሊታይ ይችላል፣ የቁልፍ ድምፁም ተቆራርጦ ደርሶ ኮዱ ልክ አይደለም ሊባል ይችላል። ጥሪውን ማን እንደሚያነሳ አስቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁ ደግሞ የእንግዳ መቀበያ ሰራተኛዋ ማሽን የሚናገር ጥሪ ስትሰማ ማስታወቂያ መስሏት ትዘጋዋለች፣ እንዲህ የሆነበት ቢሮ አይቻለሁ።

ቨርችዋል ቁጥር

ያለ ሲም በኢንተርኔት የሚሰራ ቁጥር ማለት ነው። የሚያጓጓው ነገሩ ይገባኛል፣ ኮዱ ወደ ኢሜይል ይመጣል፣ ቡድኑ በሙሉ ያየዋል፣ ማንም ቀፎ አይዝም። ግን ከሁሉም በላይ ውድቅ የሚደረገው ይሄ ነው። ማይክሮሶፍት ለአዙር ቨርችዋል ቁጥር ለስልክ ማረጋገጫ እንደማያገለግል በግልጽ ጽፎታል። ሌሎቹም የቁጥሩን አይነት የሚናገር ዳታቤዝ ስላላቸው ሞባይል፣ መስመር ወይም ኢንተርኔት መሆኑን ኮዱን ከመላካቸው በፊት ማየት ይችላሉ።

ቢያልፍላችሁ እንኳን ኪራይ ነው። የወር ክፍያው አንዴ ሳይከፈል ቢያልፍ ቁጥሩ ይሄዳል። ድርጅታችሁ ለዓመታት የሚጠቀምበት የንግድ ስልክ ስርዓት ከሆነና ቁጥሩ በስማችሁ ከሆነ ይሁን፣ ለእውቂያ ቁጥር ያገለግላል፣ ለመክፈቻ ግን አትመኩበት።

በየኮዱ እያስከፈሉ ቁጥር የሚያከራዩትንና በነጻ ኤስኤምኤስ ተቀበሉ የሚሉትን ድረ ገጾች ግን ከአማራጭ አልቆጥራቸውም። ያ ቁጥር ከናንተ በፊትም ከናንተ በኋላም ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ የነጻዎቹ ላይማ ኮዱን ድረ ገጹን የከፈተ ሁሉ ያነበዋል። የደንበኞቻችሁን መረጃ የምታስቀምጡበትን ቤት ቁልፍ መንገድ ላይ እንደማስቀመጥ ነው፣ እባካችሁ ለሙከራ አካውንት እንኳን አትጠቀሙት፣ የሙከራ አካውንት ዋና አካውንት ሆኖ ሲቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በሪሴለር በኩል

ስልኩም ካርዱም እምቢ ሲል የሚቀረው መንገድ ይሄ ነው፣ ሁሉም ትላልቅ አቅራቢዎች የተፈቀደላቸው ሻጭ አጋሮች አሏቸው። የክፍያውን ጎን እነሱ ይይዙታል፣ በደረሰኝ ትከፍላላችሁ፣ የመክፈቻው ጣጣ ይቀንሳል፣ ችግር ሲኖር የምትደውሉለት ሰው አለ። ክፍያ በካርድ ለማይሆንለት ድርጅት ትልቅ እፎይታ ነው።

የምትሰጡት ነገር ግን ቁጥጥር ነው። ለምሳሌ በማይክሮሶፍት አጋር በኩል የተከፈተ የአዙር ሰብስክሪፕሽን (አገልግሎቱና ሂሳቡ የሚያዝበት ክፍል) ላይ አጋሩ መጀመሪያ ላይ የባለቤትነት ደረጃ መብት ይኖረዋል፣ ካልፈለጋችሁ መቀነስ ይቻላል ግን ማንም አስታውሶ አይነግራችሁም። ከመፈረማችሁ በፊት ሶስት ነገር በጽሁፍ ተቀበሉ፣ ዋናው አድሚን በማን ኢሜይል ነው፣ የማገገሚያ ቁጥሩ የማን ነው፣ ብንለያይ አካውንቱ እንዴት ወደኛ ይዛወራል። ሶስቱን መመለስ የሚያቅማማ ሪሴለር ከሆነ ተውት።

አቅራቢዎቹ ራሳቸው ይለያያሉ

ስልኩ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ እንደ አቅራቢው ነው። አማዞን ላይ የሩት ዩዘሩ (ሙሉ መብት ያለው የዋናው ባለቤት መግቢያ) ሁለተኛ ማረጋገጫ ሲጠፋ መመለሻው በተመዘገበው ኢሜይልና በተመዘገበው ስልክ ጥሪ ነው፣ ስለዚ እዛ ቁጥሩ ላይ ቀልድ የለም። ጉግል ላይ በራሳችሁ ዶሜይን (የድርጅቱ የኢንተርኔት ስም) ድርጅት ካቋቋማችሁ አድሚኑ ሲቆለፍበት የዶሜይኑን ባለቤትነት ዲኤንኤስ (የዶሜይኑ የአድራሻ ቅንብር) ላይ መዝገብ በመጨመር ማሳየት የሚቻልበት መንገድ አለ፣ እዛ ከስልኩ ይልቅ ዶሜይኑን የያዘው አካውንት ነው የሚያሳስበኝ። በተራ የጂሜይል አካውንት ከከፈታችሁት ግን ይሄ የለም፣ የምትመኩት በዛ ሰው ስልክና ኢሜይል ላይ ነው። አዙር ላይ ደግሞ ዋናው መድን ሌላ ግሎባል አድሚን (ሙሉ መብት ያለው አስተዳዳሪ) መኖሩ ነው፣ ማይክሮሶፍት ራሱ ሁለት የድንገተኛ ጊዜ አካውንት እንዲኖር ይመክራል።

ብዙ አካውንት ለምትፈልጉ (ለሙከራ፣ ለፕሮዳክሽን፣ ለየደንበኛው) በየጊዜው አዲስ ቁጥር መፈለግ አያስፈልግም። አንዱን በደንብ አረጋግጡ፣ ከዛ ከስሩ አብዙ። አማዞን ላይ ኦርጋናይዜሽን ካቋቋማችሁ አዲስ አባል አካውንት የሚጠይቀው ስምና ኢሜይል ነው፣ ስልክም ካርድም አይጠይቅም፣ ያ አካውንት ወጥቶ ራሱን ሲችል ነው ጥያቄው የሚመጣው። አዙር ላይ በአንድ ቴናንት (የድርጅቱ ዋና መዝገብ) ስር ብዙ ሰብስክሪፕሽን፣ ጉግል ላይ ብዙ ፕሮጀክት። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ አምስት ቁጥር ከዘመድ ሲለምን አይቻለሁ።

ኮዱ አሁንም እምቢ ካለ

መጀመሪያ የቁጥሩን አጻጻፍ እዩ። የሀገሩ ኮድ ከዝርዝሩ ተመርጦ ከሆነ ፊት ያለውን ዜሮ አውጡት፣ በዓለም አቀፉ አጻጻፍ የሀገር ኮዱን ጨምሮ ቁጥሩ ከ15 አሃዝ አይበልጥም (የጣሊያን የመስመር ስልክ ግን ዜሮውን ይዞ ነው የሚጻፈው፣ እንዲህ ያሉ ሌሎች ጥቂት ሀገሮችም አሉ)። ከዛ ኤስኤምኤሱን ትታችሁ የድምፅ ጥሪውን ሞክሩ፣ እኔ ካየሁት ብዙው እዚ ላይ ይፈታል። ቀፎው ላይ የማይታወቅ ቁጥር የሚዘጋ አፕ ካለ አጥፉት፣ የማስታወቂያ መልእክት አትላኩብኝ ብላችሁ ኦፕሬተሩ ጋ ተመዝግባችሁ ከሆነ እሱም የኮዱን መልእክት አብሮ ሊያግደው ይችላል፣ ሮሚንግ ላይ ከሆናችሁም ከአጭር ቁጥር የሚላክ መልእክት ላይደርስ ይችላል።

ቪፒኤን አጥፉ፣ የካርዱ ሀገር፣ የአድራሻው ሀገር፣ የቁጥሩ ሀገርና የምትገቡበት ኢንተርኔት አራቱም የተለያዩ ከሆኑ አጭበርባሪ የሚመስል ሰው ናችሁ። እና ደጋግማችሁ አትንኩ፣ ሶስት ጊዜ ሞክራችሁ ካልሆነ እስከ ነገ ተዉት፣ በየደቂቃው መሞከር እገዳውን ያረዝመዋል እንጂ ኮዱን አያመጣውም። አማዞን ላይ ሳይገቡ ሳፖርት መጠየቂያ ፎርም አለ፣ የሞከራችሁበትን ሰዓትና የታየውን ስህተት ቃል በቃል ጻፉላቸው።

ከተከፈተ በኋላ ስልኩን ከዕለት ስራ አውጡት

መክፈቻው ላይ የተጠየቀው ስልክና በየመግቢያው የሚጠየቀው ሁለተኛ ማረጋገጫ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ያቀላቅለዋል። ለመግቢያ ኤስኤምኤስ አትጠቀሙ፣ የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም ኒስት በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ በስልክ መስመር የሚላክ ኮድን በገደብ ብቻ የሚፈቀድ አድርጎታል፣ አማዞንም አዲስ የኤስኤምኤስ ማረጋገጫ ማስጀመሩን አቁሟል። የአውተንቲኬተር አፕ በየ30 ሰከንዱ ኮድ ያወጣል፣ ኔትወርክም አይፈልግም። ሴኩሪቲ ኪይ (ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ መሳሪያ) ወይም ፓስኪይ (ስልክ ወይም ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጥ፣ ፓስወርድን የሚተካ ቁልፍ) ከሱም ይሻላል፣ የውሸት ገጽ ላይ ኮድ አስገብቶ መታለል የለም። በዛ ላይ ግዴታም ሆኗል፣ አማዞን ከግንቦት 2024፣ አዙር ፖርታል ከጥቅምት 2024 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ደረጃ በደረጃ ማስገደድ ጀምረዋል።

አማዞን ለሩት እስከ 8 መሳሪያ ማስመዝገብ ይፈቅዳል፣ ስለዚ ሁለት ኪይ ገዝታችሁ አንዱን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ የኛ ቡድን ሁለተኛ መሳሪያ ተመዝግቦለት ቢሆን ያ ሁሉ ሳምንት አይባክንም ነበር።

ብቻችሁን ለምትሰሩ የግል ሞባይልና ሁለት ኪይ ይበቃል። ከሁለት ሰው ጀምሮ የድርጅት ሲም። ቋሚ ቢሮና ማሽን የሌለው መስመር ካላችሁ የመስመር ስልኩ ከሲሙ እኩል ነው፣ እንዲያውም መሳቢያ ውስጥ ስለማይረሳ እኔ እመርጠዋለሁ። ካርድና ስልክ ሁለቱም እምቢ ካሉ ሪሴለር፣ በነዛ ሶስት ጥያቄዎች።

በተሳሳተ ቁጥር ቀድማችሁ የከፈታችሁ ደግሞ ዛሬ መግባት እየቻላችሁ ቀይሩት። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፣ መጀመሪያ ሁለተኛ ኪይ አስመዝግቡ፣ ከዛ የአካውንቱን ኢሜይል ከሰው ስም ወደ ድርጅቱ የጋራ አድራሻ አዛውሩ፣ ከዛ ስልኩን ቀይሩ፣ የሂሳብና የሴኩሪቲ ተጨማሪ እውቂያዎችንም ሙሉ። ስልኩን የቀየራችሁ ቀን ከሌላ ስልክ ደውሉበትና ማን እንደሚያነሳው እዩ።